መስቀሉ የማን ወገን ነው? ቤተ ክርስቲያን ወደ ፓርቲ ፖለቲካ ስትገባ የምታጣው

በጎጃም ገጠር ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ ነገሩን የሚያበርደው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት አይደለም። ገዳይ ታስሮም ቢሆን የሟች ወንድም ወይም ልጅ ቀን ይጠብቃል። ደሙ የሚደርቀው ሽማግሌ ሲቀመጥ ነው። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የሟች ወገን ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም ተብሎ ይለመናል፤ ካሳ ይቆረጣል። በመጨረሻ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው መካከል ይቆማሉ፤ እርቁን የሚያፈርስ «ውጉዝ ከመ አርዮስ» ይሁን ብለው ይገዝታሉ። ከዚያ ወዲያ የሟች ልጅና የገዳይ ልጅ በአንድ ገበያ ውለው በአንድ መንገድ ይመለሳሉ።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን እርቅ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። የሟች እናት መስቀሉን ለመሳለም እስኪነሡ ድረስ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ካህኑም አላጣደፏቸውም። ዛሬ ሰዉ «ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ ገባች»፣ «ካህናቱ ወገን ያዙ» እያለ ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር ያ ጸጥታ ይታወሰኛል። ክርክሩ በእርግጥ ስለ ምን እንደሆነ ለማስረዳትም ከዚያ መነሣት ይሻለኛል።

## «የሞራል ተሰሚነት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማስገደድ የማይችል ሰው ሲናገር ሌላው ወዶ የሚታዘዝበት ኃይል ነው። ካህኑ ወታደር የላቸውም፤ እስር ቤትም የላቸውም። ግዝታቸው የሚያስረው ሰሚው ሁለት ነገር ስላመነ ብቻ ነው፤ አንደኛ፣ የሚናገሩት የእግዚአብሔርን ቃል እንጂ የራሳቸውን ጥቅም አይደለም፤ ሁለተኛ፣ የዚህ ወገን ወይም የዚያ ወገን ሰው አይደሉም። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መስቀሉ በእጃቸው ይቀራል እንጂ ግዝቱ ማንንም አያስርም።

እህል ገበያ ላይ ያለን ቁና አስቡ። ቁናው ለአንድ ነጋዴ እንዲያደላ ሆኖ መሠራቱ ቢታወቅ ገዢዎች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች ነጋዴዎችም አይሰፍሩበትም። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ቁናው ያደላለት ነጋዴ ራሱ፣ በሌላ ቀን ገዢ ሆኖ ሲመጣ፣ ሌላ ቁና ይፈልጋል። በወገንተኛ ቤተ ክርስቲያን ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። የተደገፈው ፓርቲም ቢሆን ያገኘው መሣሪያ እንጂ አባት አይደለም፤ በተቸገረ ቀን ወደ እርስዋ አይሸሽም፤ ስትገሥጸውም አይሰማትም።

## ፖለቲካና የፓርቲ ፖለቲካ አንድ አይደሉም?

አይደሉም፤ ብዙው መደናገር የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። ፖለቲካ በሰፊው ከተያዘ ስለ ጋራ ኑሮ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ነው፤ ስለ ረሃብ፣ ስለ ግድያ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ፍትሕ። ካህን ስለእነዚህ አይናገሩ ከተባለ ነቢያትም ዝም ማለት ነበረባቸው። የፓርቲ ፖለቲካ ግን ሥልጣን በማን እጅ ይግባ የሚለው ፉክክር ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የመጀመሪያው ዓይነት ንግግር ብዙ ምሳሌ አለው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፣ ከእነርሱም አቡነ አኖሬዎስ፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻው ምክንያት ፊት ለፊት ገሠጹት፤ ተገረፉ፤ ተሰደዱ። በቁስጥንጥንያ ዮሐንስ አፈወርቅ የንግሥቲቱን የአውዶክስያን ሥራ በመንቀፉ ተሰዶ በስደት ሞተ። ገሣጮቹ በዙፋኑ ላይ የራሳቸውን ሰው ለማስቀመጥ አልተሰለፉም። ከተግሣጻቸው ያተረፉት ግርፋትና ስደት ነው፤ ቃላቸውም እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ስለዚህ ይመስለኛል።

መለያው ቀላል ነው። ካህኑ ዛሬ በአንዱ ወገን ላይ የነቀፉትን ሥራ ነገ ሌላው ወገን ሲሠራው በዚያው ድምፅ ይነቅፉታል? ከሆነ ስለ ሥራው እየተናገሩ ነው። ካልሆነ የሚናገሩት ስለ ሠሪው ነው፤ ምእመኑም ልዩነቱን ፈጥኖ ያውቀዋል።

## ድሮስ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት አንድ አልነበሩም?

ነበሩ፤ ይህን መካድ አይጠቅምም። የደብረ ማርቆስ ከተማ እንኳ መንቆረር የሚለውን የቀድሞ ስሟን ትታ የአሁኑን ያገኘችው ከደብሩ ነው። ንጉሥ ሲነግሥ የሚቀባው ጳጳስ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጹ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ መንግሥት እንደሚደግፋት ደነገገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዘወትር ኦርቶዶክሳዊ እንዲሆን፣ ስሙም በጸሎተ ቅዳሴና በአምልኮ ሁሉ እንዲነሣ አዘዘ። ሕዝቡም ይህን ሥርዓት በራሱ አነጋገር «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይለው ነበር።

ነገር ግን አብሮ መኖርና የገዢ አፍ መሆን ይለያያሉ። ልዩነቱን ከማንኛውም ትምህርት በላይ የሚያሳየው የጣልያን ወረራ ዘመን ነው። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ይገኙበታል፤ የአቡነ አብርሃም ሀገረ ስብከት ጎጃምን ይጨምር ነበር። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አቡነ አብርሃም ከወራሪው ጋር ተስማሙ፤ ጣልያኖችም ከእስክንድርያ፣ ማለትም ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን መንበር፣ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። እስክንድርያ አወገዘቻቸው።

ያን ጊዜ ፓርቲ አልነበረም፤ ገዢ ግን ነበረ፤ ለእርሱ ማደር ያመጣው ጥፋትም በአንድ ሰው ስም አልቆመም። በአቡነ አብርሃም እጅ የተሾሙት ሰዎች ሹመት ራሱ ከነጻነት በኋላ ከእስክንድርያ ጋር ክርክር አስነሣ። እስቲ በቆራቢው በኩል ሆነን እንየው። የአባቱ የሹመት ምንጭ የገዢ ፈቃድ ነው ከተባለ፣ ምእመኑ የሚጠራጠረው ስብከታቸውን ብቻ አይደለም፤ ናዘዙኝ ያለውን፣ አጠመቁልኝ ያለውን ልጁን ጭምር እያሰበ ይጨነቃል።

ሌላው ምሳሌ የጎጃም ልጅ ናቸው። አቡነ ቴዎፍሎስ፣ በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ሁለተኛው ፓትርያርክ፣ ያለ ደርግ ፈቃድ ኤጲስ ቆጶሳት በመሾማቸው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ተገደሉ። ፓትርያርክ በሕይወት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ ሲሾም የግብጽ ቤተ ክርስቲያን አዲሱን ሹመት አልተቀበለችም። መንግሥት ማንሣትና መሾም መቻሉ አንዴ ከታየ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፓትርያርክ ሁሉ፣ ምንም ያህል ጻድቅ ቢሆኑ፣ «የማን ሹም ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይከተላቸው ጀመር።

ጥያቄውም ወደ መከፋፈል አደረሰ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በሐምሌ 1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሲኖዶስ ሆነች፤ ሲኖዶስ ማለት የጳጳሳት ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ የመጨረሻ ወሳኝ አካል ነው። በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች በሦስት ተከፈሉ፤ የአገር ቤቱን ሲኖዶስ የሚከተሉ፣ የስደተኛውን የሚከተሉ፣ «ገለልተኛ» የተባሉ። እኅትና ወንድም በአንድ ከተማ እየኖሩ በተለያየ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ። እርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ስንት የልጅ ጥምቀት፣ ስንት ተዝካር በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ከፋፈለ።

## ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። የምርጫ ሕጉም በአምልኮ ቦታ መቀስቀስን ይከለክላል። የቤተ ክርስቲያን የራሷ ቀኖና በዘመን ከሁለቱም ይቀድማል፤ ከሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ ጳጳስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ዓለማዊ ጉዳይን በራሱ ላይ እንዳይጭን ያዛል። ካህን እንደ ዜጋ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ይህ መብታቸው ነው። ክልክሉ በመስቀሉ መቀስቀስ ነው።

## ታዲያ ወገንተኝነት በየት በኩል ይገባል?

ከላይ በሹመት፣ ከታች በጥቃቅን ነገር። የታችኛው እምብዛም አይወራም፤ እኔ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

በጎጃም ገጠር ሰው ሁሉ በአንድነት የሚገኝበት ቦታ ዐውደ ምሕረቱ ነው። ስለዚህ የማዳበሪያ ወሬ፣ የግብር ቀን፣ የክትባት ጥሪ፣ የተፋሰስ ሥራ የሚነገረው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ይህ ራሱ ክፋት የለበትም፤ ክትባት ያልወሰደ ልጅ በካህኑ ምክር ተከትቦ ቢድን ምን እንከን ይወጣለታል? ግን ካህኑ በመንግሥትና በገበሬው መካከል የታመነ መልእክተኛ ሆነው ይለመዳሉ። ዛሬ ማዳበሪያን ያስነገረው ሹም ነገ ስለ ምርጫ አስነግሩልኝ ሲል እምቢ ለማለት መንገዱ ጠብቧል። ሌላው ወገንም ይህንኑ ያያል፤ እርሱም በተራው ካህኑን ለራሱ መልእክት ይፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው በር ገንዘብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት መጥቶ ቆርቆሮውን ይሰጣል፤ በምረቃው ቀን ማይክሮፎን ይሰጠዋል። በኬንያ ይህ ልማድ ሥር ሰድዶ ስለነበር፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ፖለቲከኞች በአምልኮ ሰዓት ከመድረክ እንዳይናገሩ ከለከለች። እኛ ዘንድ በሩን ለመዝጋት የሚያግዝ ሥርዓት ጥንቱኑ ተሠርቷል። ሰበካ ጉባኤ፣ ማለትም ካህናትና ምእመናን በጋራ ሆነው አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ የፓትርያርክነት ዘመን ቃለ ዓዋዲ በተባለው የአስተዳደር ደንብ ተደራጀ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን ስታጣ ከነአገልግሎቷ የቆየችው ምእመኑ በሚከፍለው ዓመታዊ አስተዋጽኦ ነው። የካህኑን ዳቦ ምእመኑ ከሰጠ ካህኑ የሚፈሩት ምእመኑን ነው፤ ሹም ከሰጠ ሹሙን ነው።

ሦስተኛው በር ፍርሃት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ጦርነት ጎጃምን ከሁሉ በላይ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ አድርጎታል። በአንድ ደብር ጠዋት አንዱ የታጠቀ፣ ማታ ሌላው የታጠቀ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መካከል ያሉ ካህን የተናገሩት ቀርቶ የቀበሩትም ሰው ይቆጠርባቸዋል።

## ቀብርና ፍትሐት ወገን መያዝ ነው?

አይደለም፤ ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ፍትሐት ማለት ሟች ከኃጢአት እስራት እንዲፈታ የሚደረግ ጸሎት ነው። የሚደረገውም ሟች ክርስቲያን ስለሆነ እንጂ ደንብ ልብስ ስለለበሰ ወይም በረሃ ስለወጣ አይደለም። ወታደሩም፣ ሚሊሻውም፣ ፋኖውም በአርባ ቀኑ የተጠመቀ፣ የነፍስ አባት ያለው ከሆነ የሚፈታው በአንድ መጽሐፍ ነው። ካህኑ ሁለቱንም ቢፈቱ አባትነታቸውን ሠሩ። ወገንተኝነቱ የሚጀምረው የአንዱን ሬሳ ተቀብሎ የሌላውን ሲመልሱ፣ ወይም በመቃብሩ ላይ ቆመው ለቀሪው «ደሙን መልሱ» የሚል ቃል ሲናገሩ ነው።

በዚህ ጉዳይ ምእመኑም ተጠያቂ ነው። የጠላቴን ሬሳ ለምን ፈቱ ብሎ የነፍስ አባቱን የሚያስፈራራ ሰው፣ ነገ የእርሱ ወንድም በሰው አገር ሲወድቅ የሚፈታው ካህን እያባረረ ነው።

## ዝም ማለትስ ወገን መያዝ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። የቅርቡ ታሪካችን ሁለት ትምህርት ሰጥቶናል።

በትግራይ ጦርነት ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በትግራይ የሚደረገውን በአደባባይ ቢቃወሙም የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት ሲኖዶሱ አልቆመልንም አሉ፤ የራሳቸውንም መንበር አቋቁመው ተለዩ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፓትርያርኩ የሚመሩት ልዑክ ወደ መቀሌ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው በዚያው እርቅ አልሆነም፤ በዚያው ወር በአክሱም የትግራይ አባቶች የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ለሚገደለው ሰው የቤተ ክርስቲያን ዝምታ ገለልተኝነት ሆኖ አይታየውም፤ ከገዳዩ ጋር መስማማት ሆኖ ይሰማዋል።

ሁለተኛው የጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በወሊሶ አካባቢ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሲደረግ ቅዱስ ሲኖዶስ ሿሚዎቹንም ተሿሚዎቹንም አወገዘ፤ መንግሥት ጣልቃ ገብቷል ሲልም ከሰሰ፤ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰው እንዲያለቅሱ ጠራ። በአገሪቱ ከተሞች ሕዝቡ ጥቁር ለበሰ። ሲኖዶሱ ያን ጊዜ የትኛውንም ፓርቲ ምረጡ ወይም ጣሉ አላለም፤ ቀኖናዬ ተጣሰ አለ፤ ተሰማም። ወገን ሳይይዙ መናገርና መደመጥ የሚቻል መሆኑን ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም።

## እስከ መጨረሻ ቢሄድ ምን ያደርሳል?

ሩዋንዳን ማየት ይበቃል። የኪጋሊው ካቶሊካዊ ሊቀ ጳጳስ በገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት አባል ሆነው ተቀምጠዋል፤ የለቀቁት ቫቲካን ስለ ተጫነቻቸው ነው። ቀደም ባሉት የእልቂት ዘመናት የሚታደን ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሸሸ ይተርፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ ወርም ቱትሲዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ንታራማ፣ ወደ ንያማታ፣ ወደ ንያሩቡዬ አብያተ ክርስቲያናት ሸሹ። በዚያው በሺህ የሚቆጠሩት አለቁ። ገዳዮቹም ተገዳዮቹም በአብዛኛው ክርስቲያኖች ነበሩ። አንድ ቄስ ምእመናን የተጠለሉበትን ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር በማስፈረስ ወንጀል ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። እልቂቱን ያመጣው የአንድ ሊቀ ጳጳስ የፓርቲ ወንበር ነው ማለቴ አይደለም። ግን «አቁሙ» የሚል ድምፅ በተፈለገ ጊዜ ያ ድምፅ ከዓመታት በፊት ለፓርቲ ተሰጥቶ ነበር።

## የጠፋ ተሰሚነት ይመለሳል?

መንገዱን ቤተ ክርስቲያን ራሷ በየቀኑ ለምእመኗ ታስተምረዋለች፤ መጸጸት፣ መናዘዝ፣ ቀኖና መቀበል፣ የበደሉትን መካስ። አንድ ገበሬ «በአጠቃላይ ስሕተት ካለ ይቅር በሉኝ» ብሎ ለነፍስ አባቱ ቢናዘዝ ኑዛዜውን አይቀበሉትም፤ ምን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ ይጠይቁታል። ከተቋምም የሚጠበቀው ከዚህ አያንስም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ለሩዋንዳ እልቂት ይቅርታ ሲጠይቁ ካህናትና መነኮሳት በጥላቻና በግፍ መውደቃቸውን ለይተው ጠቅሰዋል፤ ይህ የሆነው ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

በጎጃም ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው የመቀሌው ይቅርታ ወዲያው እርቅ ባለመሆኑ አይደነቅም። የሟች ወገን መጀመሪያ ሲለመን እሺ አይልም፤ በሩን ይዘጋል። ሽማግሌው ይመለሳል፤ በሌላ ቀን እንደገና ይመጣል፤ ድንጋዩንም ደጋግሞ ያስይዛል። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ላይ ነው ከቤት ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ እስቲ ተቀመጡ የሚለው።